ለማረጥ ሕመም የሚሰጠው ኤስትሮጅን፦ ሐኪምዎ ያን ሁሉ ጥያቄ የሚጠይቅዎት ለምንድን ነው?

 

ብዙ እናቶች እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ዶክተር፣ ወላፈኑ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ አንሶላው በላብ ይርሳል። ሆርሞን የሚባል መድኃኒት አለ ሲሉ ሰማሁ። አንዷ ጓደኛዬ ውሰጂው ትላለች፣ ሌላዋ ካንሰር ያመጣል ትላለች። የቱን ልመን?»

አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ለማረጥ ሙቀትና ላብ እስከ ዛሬ ከተገኙት መድኃኒቶች ሁሉ በተሻለ የሚሠራው ኤስትሮጅን ነው። ያለ ምርመራ፣ ለማይስማማው ሰው ሲሰጥ ደግሞ ጎድቷል። ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ለመለየት ከ80 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ብዙ ሴቶችም ዋጋ ከፍለውበታል። ሐኪምዎ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት «ማሕፀንዎ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል?»፣ «ደም ረግቶብዎት ያውቃል?»፣ «የመጨረሻ የወር አበባዎ መቼ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ለወግ አይደለም። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ያንን ታሪክ እናያለን። ከበዓሉ ቀን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🔹 ማረጥ ድሮም ነበር

የሰፈራችን የልደታ ስም የመጣው ከእመቤታችን ልደት ነው። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ቀቅለን ደጅ ወጥተን ስናከብር የምናስባት እናቷ ሐና፣ ልጅ ሳታገኝ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ነበረች። ከእርሷ አስቀድሞ የነበረችው የይስሐቅ እናት ሣራም ልጅ እንደምትወልድ በተነገረ ጊዜ የወር አበባዋ ቆሞ እንደነበር መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ማረጥ አዲስ ነገር አይደለም። በሽታም አይደለም።

በአገራችን ብዙ እናቶች እንደ እረፍት ያዩታል። ቤተ ክርስቲያን ለመግባትና ለመቁረብ ቀን መቁጠር ይቀራል፤ ሙስሊም እናቶችም የረመዳን ጾማቸውና ሶላታቸው አይቋረጥባቸውም። ይህ መልካም ነው። ችግሩ ዝምታው ነው። እናት ሌሊቱን በላብ ተነክራ አድራ ጠዋት «ምች መታኝ» ብላ ዳማከሴ ታሻለች። መስኮት ስትከፍት «ብርድ ይመታሻል» ተብሎ ይዘጋባታል። እንቅልፍ አጥታ ስትነጫነጭ «ጠባይዋ ተለወጠ» ይባላል። እንዲህ ሆና ዓመታት የምትቆይ እናት አለች።

የሚሆነው ነገር ይህ ነው። ኦቫሪ የሚባሉት የእንቁላል እጢዎች ኤስትሮጅን ማመንጨታቸውን ሲቀንሱ፣ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይረበሻል። ጥቂት ሙቀት ሲሰማው ሰውነት እንደ ጋለ ቆጥሮ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ ላብ ያፈሳል። አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ካልመጣ «ማረጥ» እንለዋለን።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የሚወለድ ሕፃን አማካይ የዕድሜ ግምት 40 ዓመት አይሞላም ነበር። ይህ ማለት የ60 ዓመት እናት አልነበረችም ማለት አይደለም፤ አማካዩን ያወረደው በዋናነት የሕፃናት ሞት ነው። ዛሬ ግን አማካዩ ከ65 ዓመት አልፏል። ካረጡ በኋላ 20 እና 30 ዓመት የሚኖሩ እናቶች ከምንጊዜውም በላይ በዝተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

🔹 1923–1942፦ ከሽንት የወጣው መድኃኒት

በ1923 በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦቫሪ ውስጥ ሆርሞን መኖሩን በአይጦች ላይ አሳዩ። በ1929 ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡቴናንት ደግሞ በጀርመን፣ ሳይገናኙ ከእርጉዝ ሴቶች ሽንት ንጹሕ ኤስትሮጅን አወጡ። ቡቴናንት በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከሰው ሽንት ግን ለገበያ የሚበቃ መጠን አይገኝም። መፍትሔው ከፈረስ መጣ። ያረገዘች ባዝራ ሽንቷ በኤስትሮጅን የበለጸገ ነው። ከዚያ የተሠራው ፕሪማሪን የተባለ እንክብል በ1942 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ስሙም የወጣው «የእርጉዝ ባዝራ ሽንት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እናቶች ወሰዱት፣ ሙቀቱ በረደላቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን ያመጣል የሚለውን ግን በዚያን ጊዜ ማንም አላጠናውም።

🔹 1938–1971፦ ጥናቱ ተናግሮ ሰሚ ሲያጣ

በ1938 ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዶድስ የሚመራው ቡድን ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ሠራ። የባለቤትነት መብት አልተያዘበትም፤ ርካሽም ነበር፤ ብዙ ፋብሪካዎች አመረቱት። ለማረጥ ብቻ ሳይሆን «ጽንስ እንዳያስወርድ» እየተባለ ለእርጉዝ እናቶችም ይሰጥ ጀመር።

በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት መድኃኒቱ ውርጃን እንደማይከላከል አሳየ። ሆኖም መስጠቱ አልቆመም። በ1971 የቦስተን ሐኪሞች በወጣት ልጃገረዶች ብልት ላይ እጅግ ያልተለመደ ካንሰር አዩ። ምክንያቱን ሲፈልጉ እናቶቻቸው እነርሱን ባረገዙ ጊዜ ይህንን መድኃኒት ወስደው ነበር። እናት የዋጠችው በልጅ ላይ ወጣ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ለእርጉዞች እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ።

ዛሬ ለማረጥ የሚሰጠው ኤስትሮጅን ይህ አይደለም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልጠፋም። ሐኪምዎ «እርግዝና ሊኖር ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ አይደነቁ። በ47 ዓመት የወር አበባ ስለተዛባ ብቻ መፀነስ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ለማረጥ የሚሰጠው ሆርሞንም እርግዝናን አይከላከልም።

🔹 1966፦ ሁሉም ትውሰደው የተባለበት ዘመን

በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ትርጉሙ «ለዘላለም ሴት» የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። ማረጥን የጉድለት በሽታ አድርጎ ገልጾ፣ ሴቶች ሁሉ ኤስትሮጅን ቢወስዱ ወጣትነታቸው እንደሚቆይ ሰበከ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፣ መድኃኒቱም አብሮት። ዊልሰን ያቋቋመው ድርጅት ከመድኃኒት አምራቾች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር በኋላ ታወቀ።

በዚያው በ1966 አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተመሠረተ። በአገራችን ብዙ ሰው ኤስትሮጅን የሚያውቀው በማረጥ ሕክምና ሳይሆን በወሊድ መከላከያ እንክብል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የወሊድ መከላከያ እንክብልና የማረጥ ሆርሞን አንድ አይደሉም። በመከላከያው ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ከማረጡ ሆርሞን እጅግ የጠነከረ ነው። የልጅዎን እንክብል «ያው ሆርሞን ነው» ብለው አይውሰዱ፤ በተለይ የደም ግፊት ካለብዎ ለደም መርጋትና ለስትሮክ ሊያጋልጥዎ ይችላል።

🔹 1975፦ «ማሕፀንዎ አለ?» የሚለው ጥያቄ የመጣበት ዓመት

በታኅሣሥ 1975 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ወጡ። ኤስትሮጅን ብቻውን የወሰዱ ሴቶች በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በአንዱ ጥናት 4.5 እጥፍ፣ በሌላው 7.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ሣር ያሳድጋል። በወጣትነት ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሁለተኛው ሆርሞን እድገቱን ይገታል፣ ሽፋኑም በወር አበባ ይወርዳል። ኤስትሮጅን ብቻውን ለዓመታት ሲሰጥ ግን የሚገታው ስለሌለ ሽፋኑ ይወፍራል፤ አንዳንዴም ወደ ካንሰር ይለወጣል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይህ ሆነ፦ ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ስትወስድ ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉን አብራ ትወስዳለች። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል።

ይህ ካንሰር ከማሕፀን በር ካንሰር የተለየ መሆኑንም ይወቁ። የማሕፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤች ፒ ቪ በሚባል ቫይረስ ነው፤ ምርመራውም የራሱ ነው። ሆርሞን ወሰዱም አልወሰዱም የማሕፀን በር ምርመራዎን አይተዉ።

🔹 2002፦ ዓለም የደነገጠበት ሐምሌ

ከ1975 በኋላ ኤስትሮጅን ተመልሶ ገነነ። «ልብን ይጠብቃል» ተብሎ ሙቀት ለሌላቸው አሮጊቶች ጭምር ይታዘዝ ጀመር። ይህ እውነት መሆኑን ለመፈተን የአሜሪካ መንግሥት በ1990ዎቹ ትልቅ ጥናት አስጀመረ። ማሕፀን ያላቸው 16,608 ሴቶች ተመዘገቡ፤ ግማሾቹ ሁለቱን ሆርሞን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ።

በሐምሌ 2002 ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ጋዜጦች «የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨመረ» ብለው ጻፉ። በየአገሩ እናቶች እንክብላቸውን ጣሉ፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

26 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ቁጥሩን አብረን እንፍታው። መድኃኒቱን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች በአንድ ዓመት 30 ያህሉ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ከወሰዱት 10,000 ደግሞ 38 ያህሉ። ልዩነቱ በ10,000 ሴቶች 8 ነው። በተመሳሳይ ስሌት ስትሮክ በ8፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም በ8፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም በ7 ጨመረ። በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀነሰ።

ስምንት ሴት ጥቂት ናት ማለቴ አይደለም። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ሕሙማንን ወረፋ ያየ የሰፈራችን ሰው ካንሰር የሚለውን ቃል ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ፍርሃታችን በልኩ ይሁን። «በ26 በመቶ» ሲባል ከመቶ ሴት 26ቱ የሚታመሙ የሚመስለው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም።

🔹 ከ2002 በኋላ ምን ታወቀ?

ጥናቱ በደንብ ሲመረመር አራት ነገሮች ተገለጡ።

1️⃣ ዕድሜ ወሳኝ ነው። የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሙቀቱ የሚያስጨንቃት የ51 ዓመት ሴት ከእነርሱ ጋር አትመሳሰልም። ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚስማሙበት፣ ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሌላ ከልካይ ሕመም ለሌለባትና ሙቀቱ ለሚያስቸግራት ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ነው።

2️⃣ ኤስትሮጅን ብቻውን ሌላ ውጤት አለው። ማሕፀናቸው የወጣ 10,739 ሴቶች ላይ የተደረገው ሁለተኛው ጥናት በ2004 ቆመ። ስትሮክ ጨምሮ ነበር፤ የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም።

3️⃣ አወሳሰዱ ለውጥ ያመጣል። የሚዋጥ ኤስትሮጅን መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ደም የሚያረጉ ነገሮችን ይጨምራል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ግን ይህን መንገድ ስለማይከተል ለደም መርጋት የሚያጋልጠው ያነሰ ነው። ችግሩ የብልት መድረቅ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም የሽንት ማቃጠል ብቻ ከሆነ ደግሞ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይበቃል፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው።

4️⃣ የሁለቱ ጥናቶች 27,347 ሴቶች ለ18 ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ፣ ሆርሞን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በጠቅላላው ሞት ልዩነት አልታየም።

በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በእነዚህ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ በጥቁር ሳጥን ይጻፉ የነበሩ አብዛኞቹ ማስጠንቀቂያዎች እንዲነሱ መወሰኑን አስታወቀ። ኤስትሮጅን ብቻውን ማሕፀን ላላት ሴት ሲሰጥ ስለሚያመጣው ካንሰር የሚናገረው ግን እንዲቆይ ተደረገ። የ1975ቱ ትምህርት ዛሬም አልተሻረም።

ከዚህ ሁሉ የምናየው አንድ ነገር ነው። በ1966 ለሁሉም ይሰጥ ተባለ፤ ሴቶች ተጎዱ። ከ2002 በኋላ ለማንም አይሰጥ ተባለ፤ ሊረዳቸው ይችል የነበሩ እናቶች ያለ ሕክምና በእንቅልፍ ማጣትና በላብ ዓመታት አሳለፉ። ስህተቱ በሁለቱም ጊዜ ሴቲቱን ለይቶ አለማየት ነው። የሐኪምዎ ጥያቄዎች እርስዎን ለይቶ ለማየት ናቸው።

🔹 በእኛ አገር ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች

✔️ የሌሊት ላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል፣ ክብደት መቀነስ ወይም ትኩሳት አብሮ ካለ መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። የታይሮይድ እጢ ሕመምም ሙቀት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል።

✔️ የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን እና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የኤስትሮጅንን ኃይል ይቀንሳሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ካሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። መደበቅ አያስፈልግም።

✔️ በመርፌ ወይም በክንድ ሥር በሚቀበር የወሊድ መከላከያ የወር አበባ ሊቆም ይችላል። ይህ ማረጥ አይደለም።

✔️ ከ40 ዓመት በታች የወር አበባ ከቆመ «ቶሎ አረጠች» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አጥንትና ልብ ይጎዳል። ለእነዚህ ሴቶች ከልካይ ሕመም ከሌለ ሆርሞን ቢያንስ ተፈጥሯዊ ማረጥ እስከሚጠበቅበት ዕድሜ እንዲወስዱ ይመከራል።

✔️ ተልባና አኩሪ አተር መልካም ምግቦች ናቸው፤ ይብሏቸው። ሆኖም ተልባ ሙቀቱን ያጠፋል የሚለውን ጥናት አላረጋገጠም።

🔹 ከመጀመርዎ በፊት

እነዚህ ካሉብዎ የሚዋጥም ሆነ የሚለጠፍ ኤስትሮጅን አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፦
❌ የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት
❌ ምክንያቱ ያልታወቀ የማሕፀን ደም
❌ በእግር ወይም በሳንባ ደም ረግቶባት የሚያውቅ
❌ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የነበረባት
❌ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት

የደም ግፊትዎ ይለካ፤ ጡትዎ ይመርመር፤ በእናት፣ በእህት ወይም በአክስት የጡት ካንሰር ካለ ይናገሩ። ግፊት ካለብዎ መጀመሪያ ይስተካከል። ሆርሞን የማይስማማዎት ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሙቀቱን የሚቀንሱ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን ይረዳሉ።

🔹 ሲወስዱ

ችግሩን በሚያስታግሰው አነስተኛ መጠን ይጀምራል። በ3 ወር ገደማ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪምዎ ዘንድ ይታዩ። ሁለቱ ሆርሞኖች ከታዘዙልዎ አንዱን ለይተው አያቋርጡ፤ ፕሮጄስትሮኑን መተው ማለት ወደ 1975 መመለስ ነው። የጎረቤትን መድኃኒት አይዋሱ። ከውጭ ዘመድ የላከልዎት ከሆነም ማሸጊያውን ይዘው ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ፤ ኤስትሮጅን ብቻውን ይሁን ሁለቱም ያሉበት መሆኑ መታወቅ አለበት።

🚨 ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ የአንድ እግር ማበጥና መቁሰል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ውጋት፣ የፊት መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ ድንገተኛ የዕይታ መጥፋት።

የጡት እብጠት ካዩ በዚያው ሳምንት ይመርመሩ። ሆርሞን ሳይወስዱ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ ሳይቆዩ ይታዩ። ሆርሞን ጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል፤ ከ6 ወር ካለፈ ወይም ከቆመ በኋላ ከተመለሰ ግን መመርመር አለበት።

ለልጆች ደግሞ አንድ መልእክት አለን። እናታችሁ እንቅልፍ ካጣች፣ ከተበሳጨች፣ መስኮት ከከፈተች፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ከማለት በፊት «ሙቀቱ ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቋት። ብዙ እናት ይህን ለልጇ መናገር ታፍራለች፤ ከተጠየቀች ግን ትናገራለች። ከዚያም ሐኪም ዘንድ አብራችኋት ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ለእናትዎ፣ ለእህትዎ፣ ለጓደኛዎ ያጋሩት።